ሦስት ፊደል ለአንድ ሕፃን
የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የሙስሊም ቤተሰብ በአርባ ምንጭና በጋሞ

አንድ የሰባት ዓመት ሙስሊም ሕፃን በአርባ ምንጭ ሲቀላ ወይም ሴቻ፣ አልያም ከከተማዋ ወጣ ብሎ በላንቴና በሼሌ የሙዝ እርሻዎች አጠገብ ሲያድግ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ዓይነት ፊደል እንደሚቀርብለት ቆም ብለን አስበን እናውቃለን? መድረሳ ሲገባ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ይላል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሀ፣ ሁ፣ ሂ ይቆጥራል። ጋሞኛ ከተማረ ደግሞ ቋንቋው በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚሰጥ በዚያው በላቲን ፊደል ላይ ሌላ ዓይነት ንባብ ይጨመርበታል። በቤቱ ስልጥኛ ወይም ጉራግኛ የሚነገር ከሆነማ የቋንቋዎቹ ቁጥር አምስት ደረሰ ማለት ነው።

ይህን የምናነሣው ለማማረር አይደለም። ብዙ ፊደል መቁጠር አላህ ለልጆቻችን የሰጠው ጸጋ ነው። ይሁንና ሸክሙን የሚጋራው ሰው ካጣ፣ ልጁ ከሦስቱ ፊደል አንዱንም በወጉ ሳይጨብጥ 4ኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል። የልጅ ንባብ የሚጸናው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ነው። በእነዚህ ዓመታት ወላጅ፣ ኡስታዝና የክፍል መምህር ተነጋግረው ካልሠሩ በኋላ የሚደረገው ሩጫ ሁሉ ድካሙ እጥፍ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከታች ነው

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር አገር ሁሉ ይደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ የተወለደ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያውም ምዘናው በባዕድ ቋንቋ ሳይሆን በሚማሩበት ቋንቋ የተሰጠ ነው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም የሚቀበለው በጆሮው ብቻ ነው፤ በጆሮ ብቻ የገባ ትምህርት ደግሞ ብዙ አይቆይም።

ቋንቋው ያለፈበት መንገድ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሕዝብ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ነበር። ቆየት ብሎ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ ላይ የሚያዋህድ «ወጋጎዳ» የተባለ የጽሑፍ ቋንቋ ተፈጥሮ የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁበት። በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ በቀጣዩ ዓመትም ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቋንቋ በየራሱ መማሪያ ሆኗል። ጋሞ በ2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ተካተተ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ሕፃኑ ከሚሰማው ቋንቋ ሲርቅ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን አገርም ይታወካል። እንግዲህ አንድ ወላጅ መስከረም ላይ ልጁን ሲያስመዘግብ «ልጄ የሚማረው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ መጠየቁ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ሦስቱ ፊደሎች በምን ይለያያሉ?

የዐረብኛው ፊደል 28 ሆሄያት አሉት። ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ የሆሄው መልክ በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይለዋወጣል፤ አጫጭር አናባቢዎችም በሐረካ ይታወቃሉ። የአማርኛው ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ይይዛል። ዋናዎቹ 33 ፊደሎች በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ሆኖም ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በላቲን የሚጻፈው ጋሞኛ ደግሞ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ አናባቢው ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ይህንኑ ምልክት ልጁ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሲያገኘው ሌላ ድምፅ ሊሰጠው ይችላል።

ልጁ እነዚህን ሲያደባልቅ «ሰነፍ ነው» ብለን መቅጣት የለብንም። መደባለቁ የሚጠበቅ ነው። የሚያስፈልገው «ይህ የመድረሳው ነው፣ ይህ የአማርኛው ነው፣ ይህ የጋሞኛው ነው» ብሎ በእርጋታ የሚለይለት ሰው ነው።

የሽምደዳ ወጥመድ

በክፍል ውስጥ ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። መድረሳ የሚማሩ ልጆች የማስታወስ ችሎታቸው የሠላ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ልጅ መምህሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያነበበውን ምንባብ በቃሉ ይይዝና መጽሐፉን ፊቱ ዘርግቶ ያወርደዋል። እናት ትደሰታለች፤ አባት «ማሻ አላህ» ይላል። ገጹ ተገልብጦ አዲስ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ልጁ ዝም ይላል።

ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። ወላጁ ፊደል ያልቆጠረ ቢሆን እንኳ ከገጹ መካከል አንድ ቃል በጣቱ ይጠቁምና ሌላውን በእጁ ሸፍኖ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ በልቡ እየቆጠረ ከደረሰበት ገና አላነበበም፤ ሸምድዷል። በቁርኣን ትምህርትም ጥሩ ኡስታዝ ልጁን ከቃኢዳው መካከል የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

ትምህርት ቤቱ ምን አዘጋጅቷል?

ብዙ ቤተሰብ የመንግሥትን ትምህርት ቤት የሚያውቀው በአጥሩና በደወሉ ነው። ውስጡ ግን ልንጠቀምበት የሚገባ አደረጃጀት አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ከ1ኛ ክፍል በፊት «ኦ» ክፍል አለ፤ ልጁ መቀመጥን፣ ማዳመጥንና እርሳስ መያዝን የሚለማመደው በዚያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሲሆን፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። ከቋንቋና ከሒሳብ ጋር አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረገብ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይሰጣሉ።

ከርዕሰ መምህሩ በተጨማሪ የክፍል ኃላፊ መምህር አለ። ስለ ልጁ ውሎ አስቀድሞ የሚነጋገሩት ከእርሱ ወይም ከእርሷ ጋር ነው። በጉድኝት ማዕከል የተሰባሰቡትን ትምህርት ቤቶች የሚከታተል ሱፐርቫይዘርም አለ። ከክፍል ውጭ ደግሞ የሚኒ ሚዲያ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የልጃገረዶች ክበባት ይገኛሉ። ዓይን አፋሯ ሴት ልጃችን በሚኒ ሚዲያ አንድ ማስታወቂያ ብታነብ ከአሥር ምክር የበለጠ ንባብ ያስወድዳታል። ስለዚህ «ክበብ ጊዜ ማጥፋት ነው» ብለን አንከልክላት።

ከሁሉም በላይ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በተለምዶ ወመህ የምንለው አለ። መቅረትን የሚከታተል፣ በትምህርት ቤቱ ዕቅድና ገንዘብ ላይ የሚመክር አካል ነው። ለመሆኑ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን በስብሰባው ተገኝተናል? በጋሞ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው፤ ይህ ግን ከጓሮ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ትምህርት ቤቱ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ በአንድ ዴስክ የሚቀመጥበት የጋራ ቤት ነው።

ሙዙ፣ ሽመናውና ባዶው ወንበር

ንባብ ያልገባው ልጅ ትምህርት ቤት ይሰለቸዋል፤ የሰለቸውን ልጅ ደግሞ ሥራ በቀላሉ ይወስደዋል። በቆላው ሙዝና ማንጎ ተሸክሞ መንገድ ዳር መሸጥ አለ። በደጋው፣ በጨንቻና በዶርዜ አካባቢ፣ ሽመና የተከበረ የአባቶች ሙያ ነው፤ ሆኖም ሕፃናት ገና በለጋነታቸው ከደጋው ተወስደው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ሸማ ሲሠሩ እንደሚውሉ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ሙያው አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው ከልጁ ላይ ፊደሉን መንጠቁ ነው። የእኛም ሱቆች ከዚህ ነፃ አይደሉም። በገበያ ቀን ልጁን ከክፍል አስቀርቶ ሚዛን ላይ የሚያቆም ነጋዴ አባት በሳምንት አንድ ቀን ያስቀረሁ ይመስለዋል። በ40 ደቂቃ የተከፋፈለ የአንድ ቀን ትምህርት ግን ከትናንቱና ከነገው ጋር የተያያዘ ነው።

ጋሞ ሽማግሌ የሚሰማበት አገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት ደርሶ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበርክከው እንደመለሷቸው አገር ያውቃል። የተቆጣን ወጣት የመለሰ ቃል፣ ከትምህርት ገበታ የቀረን ሕፃን ለመመለስ ያንሳል ብለን አናምንም። የመስጊድ አባቶችም ከወመህ ጋር ሆነው እንዲህ ያለውን ቤት ቢያንኳኩ ምንኛ መልካም ነው!

ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ለንባብ እንስጥ፤ አንድ ቀን የአማርኛውን፣ በማግስቱ የጋሞኛውን። ሁለተኛ፣ የመድረሳው ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ፈረቃ ጋር እንዳይጋጭ ኡስታዙን እናነጋግር፤ የደከመ ሕፃን ከሁለቱም አያገኝም። ሦስተኛ፣ የልጃችንን የክፍል መምህር በመጀመሪያው ወር እንተዋወቅ፤ ፈተና እስኪደርስ አንጠብቅ። አራተኛ፣ ለወመህ ስብሰባ ስንጠራ እንገኝ፤ እናቶችም ይምጡ፤ የልጁን ደብተር አዘውትረው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! ሦስት ፊደል ያነበበ ልጅ ሦስት በር የተከፈተለት ነው። በቁርኣኑ ጌታውን፣ በአማርኛው አገሩን፣ በጋሞኛው ጎረቤቱን ያገኛል። በሮቹ እንዳይዘጉበት የሚጠበቅብን በየማታው አሥር ደቂቃ፣ በየወሩ አንድ ጉብኝት ነው። አላህ ያግዘን፤ ልጆቻችንንም የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።