ላንቴ በዱም ካርታ ላይ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ላንቴን ያውቃታል። በምሥራቅ ቡናማው የአባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ እንደ ግድግዳ የቆመው የጋሞ ደጋ፣ በመካከል ደግሞ በቦይ ውኃ የሚለማ የሙዝ እርሻ የሞላበት ለጥ ያለ ሜዳ። ለመሆኑ ይህን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1993 በተሠራ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ማስገባት ይቻል ይሆን? ጥያቄው ለፊዚክስ መምህር የማይመጥን ቢመስልም መልሱ እርሳስና ወረቀት ያስይዛል።

ጨዋታው ዱም ይባላል። አይዲ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1993 አወጣው። ተጫዋቹ ዓለሙን በጀግናው ዐይን እያየ፣ መሣሪያውን ከፊቱ ደግኖ በየመተላለፊያው ይሮጣል፤ ጭራቆችን ይተኩሳል። ደምና ሰይጣን የበዛበት በመሆኑ ብዙ ወላጅ እንደማይወደው አልሸሽግም። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ተጫዋች አላጣም፤ ዛሬ የሚጫወቱትም ከኩባንያው ካርታዎች ይልቅ የጨዋታው አፍቃሪዎች ራሳቸው የሠሯቸውን ነው። «ካርታ» ስል አንድ ተጫዋች ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚያልፍበትን የጨዋታ ምድር ማለቴ ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው ዋናው ፕሮግራመር ጆን ካርማክ የጨዋታውን ፕሮግራም ከካርታዎቹ፣ ከሥዕሎቹና ከድምፆቹ ለይቶ፣ እነዚህን «ዋድ» በተባለ የተለየ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጡ ስላደረገ ነው። ገና በ1994 መጀመሪያ ኒው ዚላንዳዊው ብሬንደን ዋይበር ከሌሎች አፍቃሪዎች ጋር ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አሰራጨ። በ1996 ኩባንያው ራሱ የአፍቃሪዎችን ሥራ «ፋይናል ዱም» ብሎ ለገበያ አቀረበ፤ በ1997 መጨረሻም የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ለሕዝብ ለቀቀ። ደሙን የማይፈልግም መላ አላጣም። በ1996 ከቁርስ እህል ካርቶን ጋር የታደለው «ቼክስ ክዌስት» በዱም ፕሮግራም ላይ የተሠራ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ጭራቆቹ አይሞቱም፤ ወደ መጡበት ይሸኛሉ።

ወደ ላንቴ እንመለስ። የዱም ካርታ በመሠረቱ ከላይ የታየ ጠፍጣፋ ንድፍ ነው። ነጥቦችን መስመሮች ያገናኛሉ፤ መስመሮች የከበቡት እያንዳንዱ ክልል የወለል ከፍታ፣ የጣሪያ ከፍታ እንዲሁም ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የብርሃን መጠን ይሰጠዋል። የጀግናው ቁመት 56 አሃድ ነው። ሰውየው 1.75 ሜትር ነው ብንል 1 ሜትር 32 አሃድ ይሆናል። ቦታን የሚያመለክቱት ቁጥሮች ከ−32,768 እስከ 32,767 ብቻ ስለሆኑ፣ ዓለሙ ከዳር እስከ ዳር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከ32,767 ሲበልጥ ስሌቱ ይዛባልና፣ በአስተማማኝ ሁኔታ ልንሠራበት የምንችለው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መንገዱን፣ ጥቂት የሙዝ ማሳና የሐይቁን ዳር እንይዛለን፤ ጨንቻ ከካርታው ውጭ ትቀራለች።

ተዳፋትም የለም። ማንኛውም ወለል አግድም ነው፤ ጀግናው በአንድ እርምጃ የሚወጣው ደግሞ ከ24 አሃድ፣ ማለትም ከ75 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ከሜዳው ወደ ደጋው የሚያወጣውን ዳገት እንደ ጋሞ ገበሬ በእርከን መሥራት ግድ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ከአንድ ወለልና ከአንድ ጣሪያ በላይ ስለማይኖርም፣ ውኃው ከሥሩ እያለፈ ሰው ከላዩ የሚሻገርበትን የቦይ ድልድይ መሥራት አይቻልም። አፍቃሪዎቹ ዐይንን የሚያታልል ድልድይ የሚሠሩበትን ብልሃት አግኝተዋል፤ ብልሃት ግን ብልሃት ነው። ለአባያ ቀለም ችግር የለብንም፤ ከጨዋታው 256 ቀለሞች መካከል ቡናማና ቀይ ሞልቷል።

የሚያሠጋው አዞው ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም አንድ ጭራቅ ለመንከስ መቅረቡን ሲመረምር የከፍታን ልዩነት አይቆጥርም። በመሆኑም ከገደሉ ሥር ያለ አዞ ከገደሉ አፋፍ የቆመውን ሰው ሊነክሰው ይችላል! ከገደሉ የወደቀ ሰው በአንጻሩ አንዳች ጉዳት አይደርስበትም። ለዚያውም በእኛ መለኪያ የዚህ ዓለም የስበት ሽምጠጣ በሴኮንድ ካሬ 38 ሜትር ነው፤ ይህም ከምድራችን አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሩጫው ነው። ጨዋታው አንዱን ሴኮንድ ለ35 ምቶች ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ ምት ለሯጩ ፍጥነት 1.5625 አሃድ ይጨመርለታል፤ ሰበቃው ደግሞ ፍጥነቱን በ0.90625 ያባዛል። ጭማሪና ቅናሹ የሚተካከሉት ፍጥነቱ በምት 16.67 አሃድ ሲደርስ ነው፤ ይህም በሴኮንድ 18.2 ሜትር ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሲፈጽም አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.3 ሜትር ነበር። የዱሙ ሰው ያን ሁሉ መሣሪያ ተሸክሞ ሦስት እጥፍ ሊሆን በተቃረበ ፍጥነት ይሮጣል፤ አይደክመውምም።

ተጫዋቾች በዚህም አልረኩም። ወደ ፊት የሚያስሮጠውንና ወደ ጎን የሚወስደውን ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ሰውየው ይበልጥ እንደሚፈጥን ደረሱበት። ፕሮግራሙ ሁለቱን ግፊቶች ለየብቻ አስልቶ ይደምራል፦ ወደ ፊት 50፣ ወደ ጎን 40። በፓይታጎረስ ሕግ ድምሩ 64 ይሆናል፤ ፍጥነቱ በ28 በመቶ አደገ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ያላሰቡት የቬክተር ድምር ነው። ካርታ የሚሠሩ አፍቃሪዎችም ወዲያው ተጠቀሙበት፤ በተራ ሩጫ የማይሻገሩት፣ ይህን ለሚያውቅ ብቻ የሚከፈት ገደል በካርታዎቻቸው ውስጥ አኖሩ።

«ተሻገርኩ» የሚል ሰው ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው በዱም ዘንድ ቪዲዮ ሳይሆን የተጫናቸው ቁልፎች ዝርዝር ነው። የዕድል ቁጥሮች እንኳ 256 ቋሚ ቁጥሮች ካሉት ሰንጠረዥ በተራ ስለሚወሰዱ፣ በዚያው ካርታ ላይ እነዚያው ቁልፎች በዚያው ምት ሲደገሙ ውጤቱ ያው ይሆናል። ላንቴ ላይ የተመዘገበ ዝላይ ኦክላንድ ላይ ሳይዛነፍ ይደገማል። እኛ በቤተ ሙከራ እጥረት ምክንያት ሙከራን በሰሌዳ ላይ እየሣልን እናስተምራለን። ተማሪውም የቬክተር ድምርን በቃሉ ይዞ ለፈተና ይቀርባል፤ ተሳስቶ፣ እንደገና ሞክሮ፣ ሌላው እንዲያጣራለት ውጤቱን ሰጥቶ አያውቅም። እነዚህ ካርታ ሠሪዎች ማንም ሳያዛቸው ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ለዚህ የሚበቃው ኮምፒውተርም በየቢሮው መጋዘን አቧራ የጠጣው አሮጌ ማሽን ነው።

ዛሬ በአፍቃሪዎች የተሻሻሉት ፕሮግራሞች ተዳፋትንም ድልድይንም ይፈቅዳሉ። በ2023 የወጣው «ማይሃውስ» በዚህ ዕድል ተጠቅሞ አንድን ተራ መኖሪያ ቤት ተጫዋቹ ሳያውቅ ይለዋውጥበታል። ብዙዎች ግን ዛሬም የ1993ቱን ደንብ መርጠው ይሠራሉ። እኔም ላንቴን በአሮጌው ደንብ ጀምሬያታለሁ። በግራፍ ወረቀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለ4 ሜትር ተሰጥቶ 1 ኪሎ ሜትሩ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ተራ ገጽ ቁመት ልክ ይገባል። መንገዱና የሐይቁ ዳር ተሥለዋል፤ እርከኖቹ እየተቆጠሩ ናቸው። የቦዩ ድልድይ ግን እስካሁን አልተሠራም፤ መላ ያለው ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል።