ባትሪው የሚዘልል ስልክና የነጋዴው ኪሳራ

በአጅባር፣ በመካነ ሰላምና በጠቅላላው በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ የእጅ ስልክ ዛሬ ከጨው፣ ከስኳርና ከሳሙና ጋር በአንድ መደርደሪያ ተደርድሮ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ቀፎው የጥቂት ባለጸጎች ጌጥ ነበር፤ አሁን ግን በሬውን ለመሸጥ የሚወጣው ገበሬ ሳይቀር የገበያውን ዋጋ የሚጠይቀው፣ ገንዘቡንም የሚልከውና የሚቀበለው በዚሁ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የቀፎ ንግድ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

በዚህ አውራጃ ገዢው የሚፈልገው በጣት የሚነካውን ባለ ሰፊ መስተዋት ስልክ ብቻ አይደለም። ቁልፍ ያለው፣ በጨለማ የሚያበራ መብራት ያለው፣ ባትሪውም ሽፋኑ በጥፍር ተከፍቶ የሚወጣው ቀፎ እስከ ዛሬ ድረስ ገበያው አልቀዘቀዘም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መብራት ባልገባበት ወይም ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቀበሌ አንዱን ባትሪ በስልኩ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ሞልቶ በኪስ መያዝ ይቻላል፤ ባትሪው ሲደክምም ጠጋኝ ሳይፈለግ ሌላ ገዝቶ መተካት ነው።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ከአንድ ጉድለት ጋር ተጣምሮ የመጣ ነው። ስልኩ ከእጅ ባመለጠ ጊዜ የኋላ ሽፋኑ ይከፈታል፤ ባትሪው ይዘልላል፤ ስልኩም ይጠፋል። በብዙ ቀፎዎች ሲም ካርዱ የሚቀመጠው ከባትሪው በታች ስለ ሆነ አንዳንድ ጊዜ እርሱም አብሮ ወጥቶ በሣር ወይም በጭቃ ውስጥ ይቀራል።

ነገሩ ለተመልካች ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለነጋዴው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ ከደሴ 20 ቀፎ አምጥቶ ሸጠ፤ ከነዚሁም ውስጥ ሦስቱ «ይጠፋብኛል» ተብለው ተመለሱበት ቢባል፣ የሦስቱ ዋጋ ከሃያው የተገኘውን ትርፍ ሊበላው ይችላል። ዕቃውን ወደ አስመጪው ልመልስ ቢልም ከአጅባር እስከ ደሴ፣ ከደሴም እስከ አዲስ አበባ መንገድ አለበት፤ የኋለኛው ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እንዲህ ተብሎ የተመለሰው ቀፎ ውስጡ ደኅና ሆኖ፣ የባትሪው መቀመጫ ብቻ ላልቶ ሲገኝ ነው።

ስልኩ ሲወድቅ የሚሆነው ነገር

ባትሪው ስለ ምን እንደሚዘልል ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ከወገብ ቁመት፣ ይኸውም ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከጆሮ ቁመት፣ ይኸውም ከአንድ ሜትር ተኩል ቢወድቅ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቀፎው ድንጋዩን ሲመታ በቅጽበት ይቆማል፤ በውስጡ ያለው ባትሪ ግን በነበረው ፍጥነት ለመሄድ ይታገላል። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት እንደሚወረወር ማለት ነው።

የተለመደው የትንሽ ቀፎ ባትሪ ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ከአንድ ሜትር ወድቆ በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በዚያች ቅጽበት በመያዣው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የ20 ኪሎ ሸክም ያህል ይሆናል፤ ይህም 17 ኪሎ ከሚመዝነው ከአንድ ፈረሱላ የሚበልጥ ነው። ሽፋኑን የያዙት ቀጫጭን የፕላስቲክ ጥርሶች ይህን ሸክም መቻል ቢያቅታቸው አያስደንቅም። ይኸው ባትሪ በአንድ ሚሊ ሜትር ፈንታ አምስት ሚሊ ሜትር በሚሆን ለስላሳ ነገር ውስጥ እየሰመጠ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 4 ኪሎ ይወርዳል። እንግዲህ መፍትሔው ሁለት ነው፤ ባትሪውን በመቀመጫው ማጽናት፣ ቀፎውንም ለስላሳ ነገር ማልበስ።

ስልኩ እንዲጠፋ ባትሪው ፈጽሞ መውጣት አያስፈልገውም። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ስልኩ የሚያልፈው እንደ ሞላ በሚለጠጡ ትንንሽ የብረት ጥርሶች ነው፤ እነዚህም ከባትሪው ፊት ለቅጽበት እንኳ ከተለዩ ስልኩ ይጠፋል። በአይሱዙ ወይም በባጃጅ ረጅም ኮረኮንች መንገድ የሄደ ስልክ ሳይወድቅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። መንቀጥቀጡ መያዣውን ያላላዋል፤ ላብና አቧራም የጥርሶቹን ፊት ያጨልማል።

በአንጻሩ የሽፋኑ መከፈት ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይቻልም። የውድቀቱ ጉልበት በከፊል በሽፋኑና በባትሪው መፈናጠር ስለሚያልቅ ለመስተዋቱ የሚተርፈው ይቀንሳል። ስለዚህ ሽፋኑን በሙጫ አጣብቆ መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ ባትሪውን አውጥቶ የመተካቱም ጥቅም አብሮ ይቀራል። የሚፈለገው በየዕለቱ በሚደርሰው አነስተኛ ውድቀት ባትሪው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው።

ገንዘብ ሲተላለፍ ስልኩ ቢጠፋ

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ከቀፎ ዋጋ አልፏል። በቁልፍ ስልክ *127# በመደወል ገንዘብ የሚልክ ደንበኛ በመካከሉ ስልኩ ወድቆ ባትሪው ቢዘልል፣ ከባለሱቁ ጋር «ከፍያለሁ፤ አልደረሰኝም» የሚል ክርክር ይነሣል። እዚህ ላይ ሁለቱም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ገንዘቡ በቀፎው ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ያለ ሒሳብ ነው። ስለ ሆነም በባትሪው መውጣት ብቻ ገንዘብ አይጠፋም። አደጋው ያለው በመቸኮል ነው። ደንበኛው ስልኩን መልሶ ከፍቶ ቀሪ ሒሳቡንና የመጣለትን መልእክት ሳያይ ሁለተኛ ቢልክ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፤ ባለሱቁም በራሱ ሒሳብ ገንዘቡ መግባቱን ሳያረጋግጥ ዕቃውን ቢለቅ ሊጎዳ ይችላል።

የተጎዳ ባትሪ

በገጠር «ባትሪ» ሲባል ብዙ ጊዜ የእጅ መብራቱ ማለት ነው፤ በውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። የስልክ ባትሪ ግን እንደዚያ ድንጋይ በግዴለሽነት የሚያዝ ነገር አይደለም። የሊቲየም አዮን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሶኒ ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1991) ሲሆን፣ በውስጡ ስስ የመዳብና የአሉሚኒየም ቅጠሎች ተጣጥፈው ይገኛሉ። ሁለቱን የሚለያቸው ከሰው ጠጉር የቀጠነ መጋረጃ ነው። ባትሪው በሹል ድንጋይ ላይ ወድቆ ጠርዙ ቢጨረመትና መጋረጃው ቢቀደድ ቅጠሎቹ ይነካካሉ፤ ባትሪው ይግላል፣ ያብጣል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም። በነሐሴ ወር 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2007) ኖኪያ በብዙ ትንንሽ ቀፎዎቹ የሚገባውን ቢኤል-5ሲ የተባለውን ባትሪ በሚመለከት ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በጃፓኑ በማትሱሺታ ኩባንያ የተሠሩ 46 ሚሊዮን ባትሪዎች በሚሞሉበት ጊዜ ሊግሉ ይችላሉ ስለ ተባለ፣ ባለንብረቶቹ ያለ ዋጋ እንዲለወጥላቸው ተፈቀደ። የዚያ ጊዜው ጉድለት ከፋብሪካ እንጂ ከውድቀት የመጣ አልነበረም፤ ሆኖም ያህል 20 ግራም የምትሆን ትንሽ ዕቃ አንድን ታላቅ ኩባንያ ምን ያህል ወጪ ውስጥ እንደምትከት ያሳያል።

እንግዲህ ያበጠ ወይም የተጨረመተ ባትሪ በምንም ዋጋ አይሸጥም፤ ቻርጅም አይደረግም። አይበሳም፤ እሳት ውስጥም አይጣልም። አሸዋ በተሞላ ጣሳ ውስጥ አድርጎ ከሱቁ ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ማኖር ይገባል። መለዋወጫ ባትሪዎችንም ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በአንድ መሳቢያ ማደባለቅ አይገባም፤ የብረቱን ፊት በናስትሮ መሸፈን ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

ባለሱቁ በራሱ እጅ ሊያደርገው የሚችለው

ቀፎውን ለገዢ ከማስረከብ በፊት ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛው፣ ስልኩን በጆሮ አጠገብ ይዞ መነቅነቅ ነው፤ በውስጡ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ባትሪው ልል ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩን ከፍቶ ጀርባውን በመዳፍ ቀስ ብሎ መምታት ነው፤ በዚህ የሚጠፋ ከሆነ ጥርሶቹ ከባትሪው ጋር በደንብ አልተገናኙም። ሦስተኛው፣ ሽፋኑን ከፍቶ መዝጋት ነው፤ ሲዘጋ ዙሪያውን በሙሉ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይገባል።

ጉድለት ከተገኘ በመጀመሪያ የብረቱን ፊት በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸትና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ባትሪው አሁንም የሚነቃነቅ ከሆነ ጠጋኞች እንደሚያደርጉት ወረቀት አጥፎ መሸጎጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ቦታው መታወቅ አለበት። ወረቀቱ የሚገባው ከብረት ጥርሶቹ በተቃራኒ ባለው ጫፍ ነው፤ በጥርሶቹና በባትሪው መካከል ከገባ ኤሌክትሪኩን ይከለክላል። ከወረቀትም ስስ ስፖንጅ ይሻላል፤ ወረቀት በእርጥበት ይሟሽሻል፣ ስፖንጅ ግን ተጨቁኖ ይመለሳል። ሽፋኑ ሲዘጋ የሚጎብጥ ከሆነ የተጨመረው በዝቷል ማለት ነው። የሲጋራ ወይም የቸኮላታ ብልጭልጭ ወረቀት ግን ብረት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ብዙ ሰዎች ቀፎውን በላስቲክ ጠምጥመው ይይዛሉ። ይህ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን ላስቲክ በፀሐይ ይደርቃል፣ ድንገትም ይበጠሳል። ባትሪ ሲተካም መጠኑን መለካት ያስፈልጋል። በግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ባትሪ በስልኩ ውስጥ ይሠራል፤ ግን ይላወሳል። በርካሽ የሚገዛው አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ይኸው ልክ አለመሆኑ ነው።

ውርጭ በሚወርድበት ወራት ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ብርድ የባትሪውን ጉልበት ለጊዜው ስለሚቀንስ ስልኩ ሳይወድቅም ሊጠፋ ይችላል። ሌሊት ውጭ ያደረ ባትሪ ከመሞላቱ በፊት በቤት ውስጥ ይሙቅ፤ በውርጭ ቅዝቃዜ እያለ መሙላት ውስጡን ይጎዳዋል።

አስመጪው ሊጠይቅ የሚገባው

ጥንቃቄው ከምንጩ ቢጀምር የባለሱቁ ድካም ይቀልላል። አስመጪው ከፋብሪካው ሊጠይቃቸው የሚችላቸው የታወቁ ሰነዶች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የፈተና መመሪያ በክፍል 38.3 ባትሪው መንቀጥቀጥን፣ ድንገተኛ ምትንና ሙቀትን ሌሎችንም ፈተናዎች ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 62133-2 በተባለው ደረጃው ደግሞ የተሞላ ባትሪ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ጊዜ በጠንካራ ወለል ላይ ተጥሎ እንዲፈተን ያዛል። የሚላክበትም ካርቶን ከ1.2 ሜትር ሲወድቅ ውስጡ ያለው ባትሪ እንዳይጎዳ ሆኖ መታሸግ አለበት። ከ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ2016) ጀምሮም ለብቻቸው በአውሮፕላን የሚጫኑ የሊቲየም ባትሪዎች ሙላታቸው ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። ስለዚህ እንዲህ የመጣ ባትሪ በመጋዘን ረጅም ጊዜ ቢቆይ ፈጽሞ ደርቆ የሞተ ሊመስል ይችላልና፣ በየጥቂቱ ወር ተወጥቶ እስከ ግማሽ መሞላት አለበት።

የቴክኖን የመሳሰሉ ቀፎዎች በአገር ውስጥ መገጣጠም ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ስለ ሆነ፣ የነጋዴው አስተያየት ወደ ሠሪው ለመድረስ ባሕር መሻገር የሚያስፈልገው ሁልጊዜ አይደለም። «የሽፋኑ ጥርስ ይወፍር፤ ከባትሪው ጎን ስፖንጅ ይግባ» የሚል ጥያቄ ከብዙ ባለሱቆች በአንድነት ቢቀርብ ለሠሪው ከባድ ወጪ አይደለም። በውጭም አገር ቢሆን የሚነቀል ባትሪ ጊዜው አላለፈም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2023) ባወጣው ሕግ፣ ከየካቲት 11 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከአንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በዕቃዎች ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ባትሪዎች ባለንብረቱ ራሱ ሊያወጣቸው የሚችል እንዲሆኑ ደንግጓል።

ለአካባቢው የሚሆን ሥራ

ከላይ በተጻፈው ስሌት አምስት ሚሊ ሜትር ለስላሳ ነገር የምቱን ኃይል ወደ አምስተኛ እጅ እንደሚያወርድ ታይቷል። ይህን ለስላሳ ነገር ከሩቅ ማስመጣት የግድ አይደለም። በወሎ ደጋ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ለባና ሥራ ይውላል። ከዚሁ ጠጉር በቀፎው ልክ የተሠራ፣ አፉ የሚዘጋ፣ በአንገት የሚንጠለጠልበት ማንገቻ ያለው ከረጢት ስልኩን ከመውደቅ ያድነዋል፤ ቢወድቅም ምቱን ያበርድለታል፤ በውርጭም ጊዜ ባትሪውን ያሞቀዋል። ባለሱቁ ቀፎውን ከነከረጢቱ ቢሸጥ ሸማኔው ሥራ ያገኛል፤ ገዢው ሲም ካርዱን ከጭቃ ውስጥ ከመፈለግ ይድናል፤ ለነጋዴውም ተመላሽ ዕቃ ይቀንስለታል።

ለጊዜው ግን ወጪ የማይጠይቀው ነገር ከሁሉ ይቅደም። ቀፎ በሚሸጥበት ዕለት ባለሱቁ ሽፋኑን በገዢው ፊት ከፍቶ የባትሪውን አቀማመጥ ያሳየው፤ በደረሰኙም ላይ ዋስትናው የትኛውን ጉድለት እንደሚሸፍንና የትኛውን እንደማይሸፍን ይጻፍለት። ይህን የለመደ ሱቅ ከደንበኛው ጋር የሚከራከርበት ነገር ያንሳል።