ያውቁ ኖሯል? ከብስክሌቱ በፊት ጎማው ይመረጣል

አስፋልቱ አልቆ ፒስታ፣ ፒስታው አልቆ ኮብልስቶን በሚመጣበት ጉዞ ላይ ከብስክሌቱ ስም ይልቅ የጎማው ስፋት ወሳኝ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ በ1888 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ቤልፋስት ይኖር የነበረው ይህ ስኮትላንዳዊ ሥራውን የጀመረው የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንዳይንገጫገጭ ብሎ ነው። ሌላው ስኮትላንዳዊ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን ግን ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞት ስለነበር የደንሎፕ መብት ኋላ ተሰርዞበታል።

ቀጭን ጎማ ድርቅ ተደርጎ ሲነፋ የሚፈጥነው በልሙጥ መንገድ ላይ ነው። ኮረኮንች ላይ እያንዳንዱ ጠጠር ብስክሌቱንም ነጂውንም ያነጥራል፤ ወደ ፊት መግፋት የነበረበት ጉልበት በመንገጫገጭ ያልቃል። ሰፊው፣ ነፋሱ ቀነስ ያለው ጎማ ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። በ1896 በተጀመረውና 55 ኪሎ ሜትር ያህሉ በድንጋይ ንጣፍ ላይ በሚጋለበው የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ባለሙያዎቹ ዛሬ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ ይገጥማሉ። ሻንጣ ለጫነ መንገደኛ ግን 40 መነሻ ነው፤ ፒስታው ከበዛ 50 ይሻላል።

ነፋሱንም ከመጠን በላይ አይቀንሱ። ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ሲቆነጠጥ ልክ እባብ እንደነከሰው ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ክብደቱ የሚያርፈው ወደ ኋላ ስለሆነ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ጠንከር ይበል።

ጎማ ላይ የተጻፈ «28» ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? አንዱ 28 በ622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ይገባል፤ የድሮው ወፍራም ብስክሌት 28 ደግሞ 635 ነው፤ አንዱ በሌላው ቸርኬ አይገባም። «29» የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማ ግን ያው 622 ነው። በጎኑ ላይ «40-622» ዓይነት ጽሑፍ ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው።

በክረምት ዋልካ የያዘው ጎማ ከሹካው ጋር ተጣብቆ አልዞርም ይላል። ሲገዙ ጣትዎን በጎማውና በሹካው መካከል ያስገቡ፤ ካልገባ ያ ብስክሌት ለአስፋልት ብቻ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን እዚያ ያለ ፋታ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፤ ከመነዳሪው እስከ መፈንዳት ይደርሳል። የዲስክ ፍሬን ሙቀቱን ከጎማው ስለሚያርቅ ለእንዲህ ያለው ቁልቁለት የተሻለ ነው። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሰው ቆም እያለ ያስበርደው።

የብረት ፍሬም ቢሰበር በየከተማው ያለ በያጅ ሊበይደው ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን የተለየ መሣሪያና እጅ ይጠይቃል። ክብደቱን ታግሼ ብረቱን እመርጣለሁ።

ጎማው በስለት ቢቀደድስ? የታጠፈ የወረቀት ብር በቀዳዳውና በከመነዳሪው መካከል ካስገቡ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል።

ቀጭኑ ቫልቭ የጎሚስታውን የመኪና ማስነፊያ አይቀበልም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ ማገናኛ ግን ችግሩን ትፈታለች፤ ከመነሳትዎ በፊት ገዝተው መያዝ አይርሱ።