ትምህርቱ ለሚቀልለት ልጅ

የሒሳቡን ሥራ ከጓደኞቹ ቀድሞ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ፥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሽልማት ያንኑ የሚመስል ሌላ አሥር ጥያቄ ነው። ይህም ቅጣት እንጂ ትምህርት አይባልም። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመረው፥ ኤንሪች የተባለው የኢንተርኔት ገጽ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ክፍያም አይጠይቅም።

ከጥያቄዎቹ አንዱን እንመልከት። 9 የ4 እና የ5 ድምር ነው፤ ደግሞም የ2፥ የ3 እና የ4 ድምር ነው። ከ1 ጀምረን ብንቈጥር፥ እንዲህ ተከታትለው ከሚመጡ ቁጥሮች ድምር የማይገኙት የትኞቹ ናቸው? መደመር የቻለ ትንሽ ልጅ ሁሉ ይጀምረዋል። ጥቂት ከደከመ በኋላ 2፥ 4፥ 8፥ 16 እንቢ እንዳሉት ያያል። ብርቱው ሥራ ገና አሁን ነው፤ ይኸውም ስለ ምን እንቢ እንዳሉ ማስረዳት ነው። ልጆች ምክንያታቸውን ጽፈው ይልካሉ፤ ከተላኩትም የተመረጡት በዚያው ገጽ ይወጣሉ።

ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፉ ለታናናሾቹ ወላጅ ይተረጕምላቸዋል። ሲተረጕም ግን መልሱን አብሮ እንዳይናገር ይጠንቀቅ፤ ከቢሮ ደክሞ የገባ አባት በዚህ እጅግ ይፈተናል። መስመሩ የሚቋረጥ እንደ ሆነ ጥያቄውን አስቀድሞ በወረቀት ገልብጦ መስጠት ይበቃል።