ተጨማሪ መረጃ፦ የፒኤስኤ የደም ምርመራ ምን ይነግረናል?

ፒኤስኤ የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ጤነኛ ዕጢም ስለሚያመነጨው፣ የደም ውጤቱ ብቻውን ካንሰርን አያረጋግጥም።

በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩ አንድ የ65 ዓመት አባት ውጤታቸው 6 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆነ እንበል። ውጤቱ ከፍ ያለበት ምክንያት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የዕጢ ማደግ፣ ኢንፌክሽን ወይም የሽንት መታገድ ሊሆን ይችላል። ከ4 እስከ 10 ውጤት ካላቸው ወንዶች ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና ምርመራ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው። በሌላ በኩል፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ውጤታቸው ከ4 ካልበለጠ ወንዶች በ15 በመቶ ያህሉ ላይ ካንሰር አግኝቷል።

ስለዚህ ምርመራውን ከማድረግዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ሽንት ካስቸገረዎ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።