ሳሙናው የት ገባ?

ደሴ ብርዳም አገር መሆኗን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። በጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ጧት ጧት ቀዝቃዛ ውሃ ለመንካት ቢለግም እኛም የዚያው አገር ልጆች ነንና አናማውም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ይህችው ከተማ ከጧት እስከ ማታ እጇን ልትታጠብ ተነሣች፤ ስትነሣም ሳሙናው ከየሱቁ ጠፍቶ ቆያት። ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

እንደሚታወሰው የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ በሽታው የታየበትም አንድ የጃፓን ዜጋ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። እኛም ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርንና ወደየቤታችሁ ግቡ ተብለን፥ ሻንጣችንን አንጠልጥለን፥ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ የሐረጎን ዳገት ወጣን። እናታችን ከደጅ ተቀበሉን። መሳም የለ፥ ማቀፍ የለ፤ «ቁም እዚያው! መጀመሪያ እጅህን» አሉን። ውሃውን ራሳቸው አስታጠቡንና ገና ሳንቀመጥ ብር አስጨብጠው ሳሙና እንድንገዛ ላኩን።

ከፒያሳ ጀምረን እስከ ሸዋ በር ወረድን። ሳሙና የለም፤ በረኪና የለም፤ የዱቄት ሳሙና ቢገኝ ዋጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ከነበረው ጋር አይተዋወቅም። መድኃኒት ቤቶች አልኮልና ሳኒታይዘር እንደሌላቸው በወረቀት ጽፈው በር ላይ ለጥፈዋል፤ ጥያቄው ስለ ሰለቻቸው ይመስለናል። ከአንዱ ሱቅ ስንደርስ አንዲት አሮጊት የልብስ ሳሙና ሲጠይቁ፥ ባለሱቁ «አብሽሩ እማማ፥ ነገ ይመጣል» ይላቸዋል። አሮጊቷም «ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበርኮ ልጄ» ብለው ሄዱ። እኛ ግን የባለሱቁን ልጅ በትምህርት ቤት እናውቀው ነበርና ወደ ኋላ ቀረት አልን። ከባንኮኒው ሥር ሦስት ሳሙና ወጣልን። ያን ዕለት ነገሩን እንደ ዕድል ቆጠርነው።

ችግሩ የደሴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ሰሞን ዓለም ሁሉ ለሶፍት ወረቀት ይጋፋ ነበር። በሆንግ ኮንግ የታጠቁ ሰዎች 600 ጥቅል የመጸዳጃ ወረቀት ዘርፈው ሄዱ። በአውስትራሊያ በዳርዊን ከተማ የሚታተመው ኤን ቲ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ደግሞ፥ አንባቢዎቹ ወረቀት ቢያልቅባቸው እንዲጠቀሙበት ብሎ ስምንት ገጽ ባዶ ወረቀት ጨምሮ አወጣ። የጋዜጣ ጸሐፊ ለሆነ ሰው ይህ ወሬ ከማሳቁም በላይ ትንሽ ያስደነግጠዋል፤ ባዶው ገጽ ከተጻፈበት ይልቅ የተፈለገበት ቀን ነበርና። በእኛ አገር እንኳ ብዙው ቤተሰብ ለዚህ ጉዳይ የለመደው ውሃ ስለሆነ የሶፍቱ መወደድ ያን ያህል አላስጨነቀም። የእኛ ጭንቀት ሳሙናና እርሱ ራሱ ውሃው ነበር። በሰፈራችን ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በቀን ዐሥር ጊዜ ታጠቡ የተባለ ሰው በጀሪካን የቀዳው ውሃ ስንት ቀን እንደሚያዘልቀው ማስላት ነበረበት።

ለመሆኑ ሳሙናው የት ገባ? አንዳንዱ ሰው ነጋዴው ደብቆት ነው ይላል። የደበቀ መኖሩን በዐይናችን ስላየን አንክድም። መንግሥትም በየከተማው ያለ አግባብ ዋጋ የጨመሩ ሱቆችን ሲያሽግ ሰንብቷል። ነገር ግን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በወር አንድ ሳሙና ይበቃው የነበረ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ሦስት ቢገዛ፥ ወሩን የሚያዘልቀው የሱቅ ዕቃ በዐሥር ቀን ያልቃል። በዚያ ላይ መጋቢት 22 ቀን በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕሙማን ተገኝተው መጓጓዣ ሲገታ፥ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፥ ዕቃ ይመጣል አይመጣም የሚለው ሥጋት ገዢውንም ሻጩንም ያዘው። ነጭ ሽንኩርት፥ ሎሚና ፌጦ እንኳ በዚያ ሰሞን ዋጋቸው የናረው በዚሁ ሩጫ ነው፤ በሽታውን እንደሚያድኑ ማንም ሳያረጋግጥ።

ሳኒታይዘር የተባለውም ነገር ምሥጢር አልነበረበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቅመም ከመቶው 80 እጅ ኤታኖል፥ 1.45 እጅ ግሊሰሮል፥ 0.125 እጅ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሆኖ የቀረው ንጹሕ ውሃ ነው። ኤታኖሉን የመተሐራና የፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳር ተረፈ ምርት ያወጡት ስለነበር፥ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በቤተ ሙከራቸው መቀመም ጀመሩ። ከዚህ ሁሉ ግን ተራው ሳሙና አያንስም። ቫይረሱ የለበሰው ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው፤ ሳሙና ደግሞ ስብን ይበትናል። ሽቶ ያለው የገላ ሳሙና ሆነ ሽታ የሌለው የልብስ ሳሙና፥ ለ20 ሴኮንድ ያህል በደንብ ከታሸ ሥራው አንድ ነው። ይህንን ብናውቅ ኖሮ ባለ ሽቶውን ፍለጋ ከተማውን ባልዞርን ነበር።

በመናኸሪያው በር ወጣቶች ጀሪካን አቁመው፥ ሳሙናውን በመረብ ከረጢት አንጠልጥለው ወራጁን ሁሉ ያስታጥቡ ነበር። ሳሙናውን ያንጠለጠሉት እንዳይሰረቅ ነው አሉን። ማን ይሰርቀዋል ብለን ሳቅን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከጎረቤታችን ከእማማ ዘንድ ለሌላ ጉዳይ ተላክን። እማማ ያን ዕለት ከሱቁ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት አሮጊት ናቸው፤ ስንገናኝ አላወቁንም እንጂ እኛስ ዐውቀናቸው ነበር። ጓሮ ቁጭ ብለው እጃቸውን በዐመድ ያሻሉ። «እንዶድ ባገኝ ጥሩ ነበር» አሉን። እንዶድን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አጋማሽ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ከማግኘታቸው በፊትም የወሎ እናቶች ልብሳቸውን ያጥቡበት ነበር። ዐመዱ ከባዶ ውሃ ይሻላል ይባላል እንጂ እንደ ሳሙና ለመሆኑ በቂ ማስረጃ የለውም፤ ይህን ግን ለእርሳቸው ለመንገር አፋችን አልታዘዘልንም። እርሳቸው ስለ ኅዳር በሽታ ያጫውቱን ጀመር። በ1911 ዓ.ም. ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እናታቸው ሕፃን እንደ ነበሩ፥ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለውም ከዚያ ወዲህ እንደ ሆነ ነገሩን።

ወደ ቤት ተመልሰን የእናታችንን ቁም ሣጥን ከፈትን። ከአንሶላው ሥር የተደረደረውን ስንቆጥር ዐሥራ አራት ሳሙና ሆነ። ሦስቱን እኛ ራሳችን አምጥተናል፤ የቀሩትን እርሳቸው በየቀኑ አንድ ሁለት እያሉ አከማችተዋል። ደባቂውን በየሱቁ ስንፈልገው የከረምነው ከቤታችን ኖሯል። «እማዬ፥ እማማ በዐመድ ነው የሚታጠቡት» አልናቸው። እናታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሳሙናውን ሲያዩ ቆዩና ሰባቱን ለይተው በነጠላ ጠቀለሉ። «ከሱቅ ገዛሁልዎ በላቸው፤ ከዚህ ነው እንዳትል» አሉን።

እኛም እንደ ታዘዝነው ተናገርን። እማማ ጥቅሉን ፈትተው አሸተቱትና፥ «ይኼ የእናትህ አንሶላ ይሸታል» አሉን።