ኮአክሲየም፦ ከማጣሪያው ሳይደርስ የሚፈነዳው የልብ ወለድ ማዕድን

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዓለም ከወርቅ በላይ ደም ያፋሰሱ ማዕድናት ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ኮአክሲየም ነው። በገሃዱ ዓለም የሌለው ይህ ማዕድን የስታር ዋርስ ፊልሞች ፈጠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ በበቃው የሮን ሃዋርድ ፊልም “ሶሎ” ውስጥ የታሪኩ መዘውር ሆኖ ቀርቧል።

የጠፈር መርከቦች ከኮከብ ወደ ኮከብ ከብርሃን ፈጥነው የሚጓዙት ከዚህ ማዕድን በሚገኝ ነዳጅ ነው። በፊልሙ 100 ኪሎ ግራም የተጣራ ኮአክሲየም ለመዝረፍ የተሰማራ ቡድን በበረዷማ ተራሮች መካከል የሚጓዝ ባቡር ያጠቃል። ጭነቱ ግን ከእጁ አምልጦ ይፈነዳና ተራራ ይንዳል።

ባለዕዳ የሆነው ቡድን ቀጥሎ የሚያመራው ወደ ኬሰል የማዕድን ጉድጓዶች ነው። በዚያ የሚገኘው ገና ያልተጣራ ድፍድፍ ነው፤ ፊልሙም ጥሩ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ድፍድፉ ከተቀመጠበት ቀዝቃዛ ስፍራ ከወጣ ጀምሮ መረጋጋቱን ያጣል፤ ሳቫሪን ላይ ካለው ማጣሪያ በጊዜ ካልደረሰ ይፈነዳል። ስለዚህ ዘራፊዎቹን ከሚያሳድዳቸው ጦር ይልቅ የሚያስፈራቸው የተሸከሙት ጭነት ነው።

ይህ ፍርሃት ግን የደራሲ ምናብ ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ እ.ኤ.አ. በ1847 የሠራው ናይትሮግሊሰሪን ዘይት መሰል ፈሳሽ ሲሆን፣ መናወጥ ወይም ግጭት ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ከቦታ ቦታ ማጓጓዙ ራሱ ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1864 በስቶክሆልም የአልፍሬድ ኖቤል ቤተሰብ መሥሪያ ስፍራ በደረሰ ፍንዳታ የአልፍሬድ ታናሽ ወንድም ኤሚል ከሌሎች ሰዎች ጋር ሞቷል። መፍትሔው የተገኘው ከአፈር ነበር። ኖቤል ፈሳሹን፣ ከጥንታዊ ጥቃቅን የውኃ ውስጥ ሕያዋን ቅሪት በተፈጠረ ልም አፈር አስመጥጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ዲናማይት ብሎ አስመዘገበው። ፈንጂው ኃይሉን ብዙም ሳያጣ በእጅ የሚያዝ፣ በሣጥን የሚጫን ሆነ።

የ“ሶሎ” ዘራፊዎች እንዲህ ያለ አፈር አልነበራቸውም። መርከባቸው በኃይለኛ ስበት ተይዛ ወደ ጥፋት ስትሳብ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው፦ ከዚያው ሊያጠፋቸው ከተቃረበው ድፍድፍ ጥቂት ወስደው ወደ ሞተሩ ጨመሩት፤ መርከቧም ተፈናጥራ ወጣች።